«መርፌው ምን ረባኝ?» ወይም ቲ ሕዋሳት ከኮሮና ቫይረስ ጋር የሚያደርጉት ውጊያ

በ2014 ዓ.ም. የገና ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፥ በሰፈራችን የሚያስል ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። አንዱ «ጉንፋን ነው» ይላል፤ ሌላው «ምች መትቶኝ ነው» ይላል፤ ዝንጅብሉ ይፈላል፥ ዳማከሴው ይታሻል። ዳሩ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ከተመረመሩት ብዙዎቹ ይዘውት የተመለሱት ወሬ አንድ ዓይነት ነበር፤ ኮሮና ነው። ኦሚክሮን የተባለው የቫይረሱ ዝርያ በዚያ ሰሞን ከአገር ወደ አገር እንደ ሰደድ እሳት ይዛመት ነበርና።

ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ያለፈ አንዲት ጎረቤቴም ከታመሙት መካከል ነበሩ። አምስት ቀን ያህል አተኰሳቸው፤ ጕልበታቸውን ቈረጠማቸው፤ ሆኖም ሆስፒታል ሳይገቡ ተሻላቸው። ልጠይቃቸው ብሄድ እንዝርታቸውን ይዘው ፀሓይ ሲሞቁ አገኘኋቸው።

«ልጄ፥ አንተ የተማርህ ነህ፤ እስኪ ይህን አስረዳኝ» አሉኝ። «ሁለት ጊዜ ክንዴን ዘርግቼ ተወጋሁ። በመጀመሪያው መርፌ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ። ይኸው ደግሞ ታመምሁ። ታዲያ መርፌው ምን ረባኝ? ልጄ የስኳር ሕመምተኛ መሆኗን ታውቃለህ፤ እርሷ ገና አልተከተበችም። ‹ልሂድ› ብትለኝ ‹ተይው፥ ከንቱ ድካም ነው› ብዬ አስቀርቻታለሁ።»

እኔም በዚያን ቀን «እማማ፥ ባይከተቡ ኖሮ ይብስብዎት ነበር» ከማለት በቀር ሌላ አልመለስሁም። እርሳቸውም ዝም አሉ፤ ዝምታቸው ግን «ይህንማ ሁሉም ይላል» የሚል ይመስል ነበር። እውነትም ምክንያቱ ያልተገለጠ መልስ ተማሪን እንኳ አያሳምንም፤ ለልጃቸው የሚሠጉትን እናት እንዴት ያሳምናል? ስለዚህ ቤቴ ገብቼ ሊቃውንት የጻፉትን መመርመር ጀመርሁ። ይህንኑ ጥያቄ የሚጠይቅ ቤተ ሰብ ብዙ ስለ ሆነ፥ ያገኘሁትን እነሆ በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ። በውጭ አገር የተደረገው ነገር ሁሉ ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

የበሩ ዘበኛ

አስቀድሞ ቫይረስ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ግድግዳ በጡብ እንደሚሠራ፥ የሰው አካልም ሕዋስ በሚባሉ እጅግ ትንንሽ ክፍሎች ተሠርቷል። ቫይረስ ከሕዋስም እጅግ የሚያንስ፥ በራሱ የማይራባ ረቂቅ ነገር ነው፤ ለመብዛት የግድ ወደ ሕያው ሕዋስ ውስጥ መግባት አለበት። የኮሮና ቫይረስ በላዩ እንደ እሾህ የበቀሉ ፕሮቲኖች አሉት። በእነዚህ እሾሆች የአፍንጫን፥ የጕሮሮንና የሳንባን ሕዋስ ይዞ ይገባል። ከገባም በኋላ 30000 ያህል ፊደል ያለውን ትእዛዙን ለሕዋሱ ያስረክባል፤ ሕዋሱም የራሱን ሥራ ትቶ ለጠላቱ ባሪያ ይሆናል፤ ቫይረስን ሲያባዛ ይውላል።

ይህን ጠላት በመንገድ ላይ የሚጠብቀው ዘበኛ አንቲቦዲ ይባላል። አንቲቦዲ፥ ቢ ሕዋስ በተባለው የነጭ ደም ሕዋስ የሚሠራ፥ በደምና በአፍንጫ ርጥበት ውስጥ የሚዘዋወር ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ ከሕዋስ ሳይደርስ በእሾሁ ላይ ተጣብቆ ይይዘዋል። መልካም ዘበኛ ነው፤ ዳሩ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፥ ከክትባት ወይም ከሕመም በኋላ ወራት ባለፉ ቍጥር መጠኑ እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለተኛ፥ አጥብቆ የሚያውቀው የእሾሁን መልክ ስለ ሆነ፥ ቫይረሱ እሾሁን ሲለውጥ ይሳሳታል። በ2021 በኖቬምበር ወር በቦትስዋናና በደቡብ አፍሪካ የተገለጠው ኦሚክሮን በእሾሁ ላይ ብቻ ከ30 የሚበልጥ ለውጥ ይዞ መጣ። ስለዚህ በብዙ አገር ከተከተቡት ሰዎች መካከል የብዙዎቹን ዘበኛ አልፎ ገባባቸው።

ጠላት አንድ ጊዜ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ከገባ ግን አንቲቦዲ ተከትሎት ሊገባ አይችልም። ታዲያ ቤት ለቤት እየዞረ የተሸሸገውን የሚፈልግ ማን ነው? ቲ ሕዋስ የተባለው ሌላው የነጭ ደም ሕዋስ ነው።

ከደረት አጥንት በስተ ኋላ ያለው ትምህርት ቤት

ከደረታችን አጥንት በስተ ኋላ፥ ከልብ ከፍ ብሎ፥ ታይመስ የሚባል ለስላሳ ዕጢ አለ። በሕፃንነት ትልቅ ነው፤ ሰው ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ግን እየመነመነ ወደ ስብ ይለወጣል። ምን እንደሚሠራ ለብዙ ዘመን ሳይታወቅ ኖረ። በ1961 ዣክ ሚለር የተባለው ተመራማሪ በለንደን ከተማ ይህን ዕጢ ከአዲስ ተወላጅ አይጦች ባወጣ ጊዜ፥ አይጦቹ የነጭ ደም ሕዋሳቸው አንሶ በበሽታ በቀላሉ የሚሸነፉ መሆናቸውን አስተዋለ። ከንቱ ይመስል የነበረው ዕጢ የመከላከያው ሠራዊት መሠልጠኛ ሆኖ ተገኘ። «ቲ» የሚለውም ስም የታይመስ የመጀመሪያ ፊደል ነው።

ሕዋሳቱ የሚወለዱት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው፤ ለትምህርት ወደ ታይመስ ይላካሉ። እያንዳንዱ ከሌላው የተለየ አንድ ዓይነት ምልክት ብቻ ለማንበብ የተዘጋጀ ነው። ፈተናው ሁለት ነው። የሰውነትን ምልክት ጨርሶ ማንበብ የማይችል ይወድቃል፤ የገዛ ሰውነቱን እንደ ጠላት የሚያይ ደግሞ ይባረራል። ከ100 ተማሪ ለማለፍ የሚበቁት ከ5 አይበልጡም፤ የቀሩት እዚያው ይሞታሉ። እኛ መምህራን እንዲህ ያለ ፈተና ብንሰጥ ወላጆች ሁሉ በተነሡብን ነበር። ሰውነት ግን ይህን ያህል የሚጠነክረው በምክንያት ነው፤ የራሱን ወገን የሚወጋ ወታደር ከውጭ ጠላት ይልቅ ያስፈራልና።

በደጅ የተሰቀለው ጣሳ

ቲ ሕዋስ በሌላ ሕዋስ ውስጥ የተሸሸገውን ጠላት እንዴት ያውቃል? ጠላ የሚሸጥበት ቤት በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ሰቅሎ በውስጥ ያለውን ለመንገደኛ ያስታውቃል። እንደዚሁም እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ ከሚሠራው ፕሮቲን እየቈረሰ ቍራሹን በላዩ ላይ ይሰቅላል። ጤነኛው ሕዋስ የራሱን ይሰቅላል፤ ቲ ሕዋሱም አንብቦ ያልፋል። ቫይረስ የገባበት ሕዋስ ግን የቫይረሱን ቍራሽ ጭምር ይሰቅላልና ደጁ ያሳብቅበታል።

ይህን ምሥጢር የገለጡት ፒተር ዶኸርቲና ሮልፍ ዚንከርናገል ናቸው። በአውስትራልያ በካንቤራ ከተማ ከ1973 ጀምሮ በአይጦች ላይ ባደረጉት ምርምር፥ ቲ ሕዋስ ቫይረስን ብቻውን እንደማያውቅ፥ የሚያውቀውም ከሰውነቱ ምልክት ጋር ተያይዞ ሲቀርብለት መሆኑን አስረዱ። ስለዚህም ሥራቸው በ1996 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚህ ነገር ለጎረቤቴ ጥያቄ የሚሆን አንድ ትልቅ ፍሬ እናገኛለን። በደጅ የሚሰቀለው ቍራሽ ከእሾሁ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከቫይረሱ ልዩ ልዩ ክፍል ሁሉ ነው። ከእሾሁም ቢሆን ከአንድ ሥፍራ ሳይሆን ከብዙ ሥፍራ ይቈረሳል። ስለዚህ ቫይረሱ ከአንቲቦዲ ለማምለጥ የውጭ መልኩን ቢለውጥም፥ ከቲ ሕዋስ ዓይን ፈጽሞ መሰወር ይቸግረዋል። ካባውን የለወጠ ሌባ በድምፁ እንደሚታወቅ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

አሁን ሰው በኮሮና በተያዘ ጊዜ የሚሆነውን በተራ እንመልከት። ቫይረሱ ወደ አፍንጫ በገባ ጊዜ የተነካው ሕዋስ ኢንተርፌሮን በተባለ ፕሮቲን ለጎረቤቶቹ ነጋሪት ይጐስማል። የኮሮና ቫይረስ ግን ይህን ነጋሪት የሚያፍንበት ብልሃት አለው፤ ለጥቂት ቀንም በስውር ይበዛል። በዚህ መካከል መልእክተኛ የሆኑ ሕዋሳት የቫይረሱን ቍራሽ ተሸክመው በአንገትና በደረት ውስጥ ወዳሉት ዕጢዎች ይሄዳሉ። ሰው ሲታመም በአንገቱ ሥር የሚያብጠው ንፍፊት እንግዲህ ከንቱ እብጠት አይደለም፤ ሠራዊቱ የሚከትበት ሰፈር ነው።

በዚያ ሰፈር እጅግ ብዙ ቲ ሕዋሳት ይመላለሳሉ። ያችን አንዲት ቍራሽ ለማንበብ የተዘጋጀው ግን ከመቶ ሺህ ወይም ከሚሊዮን አንዱ ነው። እርሱ በተገኘ ጊዜ መከፈል ይጀምራል፤ አንዱ ሁለት፥ ሁለቱ አራት፥ አራቱ ስምንት እያለ በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ ሺህ ይሆናል። ይህ ጊዜ ይጠይቃል፤ ያልተከተበና አስቀድሞ ያልታመመ ሰው በአንድ ሳምንት ያህል ውስጥ የሚጨነቀውም ሠራዊቱ ገና በመሰብሰብ ላይ ስለ ሆነ ነው።

ቲ ሕዋሳት በሁለት ታላላቅ ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ረዳት ይባላል። እርሱ ራሱ ብዙ አይገድልም፤ ነገር ግን ቢ ሕዋሳትን አይዞአችሁ እያለ የተሻለ አንቲቦዲ እንዲሠሩ ያደርጋል፤ ሌሎቹንም ተዋጊዎች ያበረታል። ሁለተኛው ገዳይ ይባላል። የቫይረስ ምልክት የሰቀለ ሕዋስ ባገኘ ጊዜ ይጠጋውና ቆዳውን ይበሳል፤ በቀዳዳውም ሕዋሱ ራሱን እንዲያፈርስ የሚያስገድድ ፕሮቲን ይጨምርበታል። ቤቱ ከነጠላቱ ይፈርሳል፤ ቫይረሱም የሚራባበት ሥፍራ ያጣል።

በ2020 በአሜሪካ በካሊፎርንያ፥ ላ ሆያ ከተባለው ሥፍራ ያሉ ተመራማሪዎች ከኮሮና የዳኑ 20 ሰዎችን ደም መረመሩ። ቫይረሱን የሚያውቅ ረዳት ቲ ሕዋስ በሁሉም ዘንድ ተገኘ፤ ገዳዩም ከ100 በ70 ያህሉ ዘንድ ታየ። በዚያው ዓመት ገና በሕመም ላይ ያሉትን ጨምረው ሲመረምሩ፥ ረዳቱ፥ ገዳዩና አንቲቦዲው ሦስቱ ተባብረው በተነሡበት ሰው ሕመሙ ቀለል ብሎ አገኙት። በሲንጋፖርም በ12 ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ክትትል፥ ቲ ሕዋሳት ቀደም ብለው የተነሡላቸው ሰዎች ቫይረሱን ፈጥነው አጠፉ፤ ሕመማቸውም ቀላል ሆነ። በኢጣልያ ደግሞ ከተፈጥሮ አንቲቦዲ መሥራት የማይችሉ ሁለት ሰዎች ኮሮና ይዟቸው የሳንባ ምች ካገኛቸው በኋላ ሊድኑ ችለዋል። በሩ ዘበኛ ባይኖረውም ቤቱ ጨርሶ ያለ ጠባቂ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ሠራዊቱ ሲዘገይ

በአንዳንድ ሰው ግን ነገሩ ይከፋል። ቲ ሕዋሳት በጊዜው ሳይደርሱ ቫይረሱ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ጠላቱን ለይቶ የማያውቀው ሌላው የመከላከያ ኀይል በድንጋጤ ይነሣል። ጠላትንና ወዳጅን ሳይለይ ሳንባውን በእብጠትና በፈሳሽ ይሞላዋል። በጽኑ ከታመሙት በብዙዎቹ ደም ውስጥ የቲ ሕዋሳት ቍጥር እጅግ አንሶ መገኘቱ ከመጀመሪያ ጀምሮ በሐኪሞች የታወቀ ነው።

ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ይልቁን የሚጎዱበት አንደኛው ምክንያት ከዚህ ላይ ነው። ታይመስ ከመነመነ ብዙ ዓመት ስለ ሆነው፥ አዲስ ጠላትን የሚያነብቡ አዳዲስ ቲ ሕዋሳት በእርጅና ጊዜ ጥቂት ናቸው። የካሊፎርንያ ተመራማሪዎችም ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ በሆኑት ሕመምተኞች ዘንድ የሦስቱ ወገኖች ትብብር ብዙ ጊዜ ተፈትቶ እንዳገኙት ገልጠዋል። እንግዲህ አረጋውያን በሕመም ቀን አዲስ ወታደር መልምለው እስኪያሠለጥኑ ድረስ ጠላት አይጠብቃቸውም፤ ሠራዊቱ አስቀድሞ በሰላም ቀን ሊሠለጥንላቸው ይገባል። የክትባትም ትርጕሙ ይኸው ነው።

መከላከያው ራሱ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ማብረድ ያስፈልጋል። በ2020 በጁን ወር በብሪታንያ የተደረገው ታላቅ ምርመራ ዴክሳሜታሶን የተባለው መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት ሕመምተኞች መካከል ሞትን በሲሶ ያህል፥ ኦክሲጅን ከሚያስፈልጋቸውም መካከል በአምስተኛ እጅ ያህል እንደ ቀነሰ አስታወቀ። ኦክሲጅን ለማያስፈልገው ሰው ግን ምንም ጥቅም አልተገኘለትም። ምክንያቱም ይህ መድኃኒት መከላከያን የሚያበርድ ስለ ሆነ፥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢወሰድ ለውጊያ የሚነሣውን ሠራዊት ሊያደክም ይችላል። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት በገዛ እጅ ገዝቶ መዋጥ ትልቅ ስሕተት ነው።

የማይረሱት ጥቂቶች

ውጊያው ካለቀ በኋላ ከተባዙት ቲ ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ይቀራሉ፤ የጠላትንም መልክ ይዘው በደም፥ በንፍፊት ዕጢዎችና በሳንባ ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። ያው ጠላት ዳግመኛ ሲመጣ ሳምንት አይፈጅባቸውም፤ ፈጥነው ይነሣሉ።

ይህ ትውስታ ምን ያህል ይቈያል? በ2003 ሳርስ የተባለው የመጀመሪያው ኮሮና መሰል ወረርሽኝ በእስያ በተዛመተ ጊዜ ታመው የዳኑ ሰዎችን፥ የሲንጋፖር ተመራማሪዎች በ2020 እንደ ገና መረመሩ። ከ17 ዓመት በኋላ ያን ቫይረስ የሚያውቁ ቲ ሕዋሳት በደማቸው ውስጥ ተገኙ። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ደግሞ ከኮሮና የዳኑ ጦጣዎች ገዳይ ቲ ሕዋሳቸው በመድኃኒት እንዲጠፋ ተደርጎ እንደ ገና ለቫይረሱ ሲጋለጡ፥ አንቲቦዲያቸው ያነሰባቸው ከፊሉን መከላከያቸውን አጡ። ቲ ሕዋሳት ዝም ብለው የሚቈጠሩ ምስክሮች ሳይሆኑ በእርግጥ የሚዋጉ መሆናቸው በዚህ ታወቀ።

ለጎረቤቴ ጥያቄ ከሁሉ የቀረበው መልስ ግን ከአፍሪካ የመጣው ነው። በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ያሉ ተመራማሪዎች የተከተቡና ታመው የዳኑ ሰዎች ቲ ሕዋሳት ኦሚክሮንን ማወቃቸውን መርምረው፥ ውጤቱን በ2022 አወጡ። ያ ሁሉ የእሾህ ለውጥ ቢኖርም፥ የቲ ሕዋሳቱ ኀይል ከ100 እጅ ከ70 እስከ 80 ያህሉ ሳይጠፋ ቈይቶ ተገኘ። የበሩ ዘበኛ ቢሳሳትም በቤት ውስጥ ያለው ጠባቂ አልተሳሳተም።

እንደ ገና ወደ ጎረቤቴ ቤት

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ተመልሼ ሄድሁ፤ ቡና ተፈልቶ፥ ልጃቸውም ተቀምጣ ሳለች ነገሩን በጣሳውና በዘበኛው ምሳሌ አስረዳኋቸው። «በእርስዎ ሰውነት ውስጥ የሆነውን በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ ስለዚህ እንዲህ ሆነ ብዬ አልምልልዎትም። ነገር ግን ክትባት ሁለት ሥራ እንደሚሠራ የታወቀ ነው፤ በሩን ይጠብቃል፥ ቤቱንም ያስጠብቃል። የበሩ ጥበቃ በወራት ይላላል፤ የቤቱ ግን ይሰነብታል። በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ታሞ ከቤቱ ሳይወጣ መዳኑ የሁለተኛው ሥራ ምልክት ነው» አልኋቸው።

እርሳቸውም እንዝርታቸውን አቁመው ጥቂት አሰቡና፥ «እንግዲያው ዘበኛው ቢያንቀላፋም ቤቱ ሰው ነበረው በለኛ!» አሉ። ከዚያም ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው፥ «በይ ልጄ፥ ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ፤ ሐሙስ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሏት። ሐሙስም ሄዱ።

ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር

ከዚህ ሁሉ ለየቤታችን የሚተርፈው ቍም ነገር በአጭሩ ይህ ነው።

አንደኛ፥ በቤታችን ያሉት አረጋውያን፥ የስኳር፥ የልብ፥ የኵላሊትና የሳንባ ሕመምተኞች ስለ ክትባት የጤና ባለሙያ ጠይቀው የሚነገራቸውን ይፈጽሙ። ክትባት ወስዶ መታመም ክትባቱ ከንቱ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛ፥ ቲ ሕዋስ ሕመም እንዳይከፋ ይረዳል እንጂ ቫይረሱ በር እንዳያልፍ አይከለክልም። ስለዚህ የተከተበም ሰው እያሳለ አያቱን ለመሳም አይቅረብ፤ አፍንጫና አፉን ይሸፍን፥ መስኮቱንም ይክፈት።

ሦስተኛ፥ ኤችአይቪ የሚያጠቃው ረዳቱን ቲ ሕዋስ ነው። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ወገኖቻችን መድኃኒታቸውን አንድ ቀን እንኳ ሳያቋርጡ ቢወስዱ፥ ከሌላው በሽታ የሚጠብቃቸውን ሠራዊት ያድናሉ።

አራተኛ፥ በሕመም ላይ ያለ ሰው ትንፋሽ ቢያጥረው፥ ከንፈሩ ቢጠቍር፥ አእምሮው ቢዋልል፥ ነገ ይሻለዋል ብሎ ማሳደር አይገባም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ። በሽተኛው አረጋዊ ከሆነማ ይልቁን ልንፈጥን ይገባናል፤ የእርሱ ሠራዊት ጥቂት መሆኑን ከላይ ተመልክተናልና።